ጥቅሉ የማያካትተው ሞት

«ለክቡራን እንግዶቻችን በሙሉ፦ ከዛሬ ረቡዕ ጀምሮ የክፍል ጽዳትና የቆሻሻ ቅርጫት ማንሳት በአልጋው ዋጋ ውስጥ የማይካተት መሆኑን፣ አገልግሎቱን የሚፈልግ እንግዳ በየቀኑ ለብቻው ከፍሎ መጠቀም እንደሚችል በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ማኔጅመንቱ።»

ማኔጅመንቱ አንዲት ሴት ናቸው። ማስታወቂያውን ራሳቸው ጻፉት፣ ራሳቸው ማኅተም መቱበት፣ ራሳቸው የእንግዳ ማረፊያቸው አሳንሰር በር ላይ ለጠፉት። ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ራሳቸው አነበቡት። ለስድስት ቀን ሌላ አንባቢ አላገኘም። በሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና አስቀይሮ ስድስት ቁጥር ውስጥ ያገግም የነበረው ባለወፍጮ ሞቶ ተገኘ። ማስታወቂያውም ሁለተኛ አንባቢውን አገኘ፤ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተሯን።

ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት፣ ጠፍጣፋ ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። በጣቢያው «እትዬ ከዚያስ» ይሏታል። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ሲጨርስ ግን «ከዚያስ?» ትላለች። ሰው የራሱን ጉድጓድ መቆፈር የሚጀምረው ከሁለተኛው «ከዚያስ» በኋላ መሆኑን በሠላሳ ዓመት ሥራዋ አይታለች።

ስድስት ቁጥር በር ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋት፦ የሟች ሚስት፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ እና ባለወፍጮውን ከአገሩ አስመጥቶ ያሳከመው ደላላ። ደላላው ራሱን «የሕክምና ጉዞ አማካሪ» ይላል፤ ሁለት ስልክ ይይዛል፤ የዚህችው ከተማ ሰው ነው።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አለ ወንድምየው፣ ሳይጠየቅ። «ነርሷ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ወጋችው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። መንገድ ላይ ራሴ ነኝ ለፖሊስ ያሳየኋት። እርስዎ ይፈርሙና ሬሳውን ይልቀቁልን። ነገ ማታ በረራ አለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? መፈረም ነው።»

ኢንስፔክተሯ በሩን በላያቸው ላይ ዘጋችው።

የፖሊስ ሐኪሙ አንሶላውን ገልጦ ይጠብቃት ነበር። ሟቹ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሽማግሌ ነው። ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ በምስማር ተጨምሮበታል፤ አዲስ ቀበቶ መግዛት ስላልፈለገ።

«ደም እግሩ ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባው ሄዷል» አለ ሐኪሙ። «ባቱን እዪው። የሌላኛውን እጥፍ ሆኗል። ይሄ እብጠት የአንድ ቀን አይደለም። ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ የደም ማቅጠኛ መርፌ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።»

«ተወግቷል?»

«መርፌው የገባበት ቦታ ይበልዛል። ቁጠሪው።»

ቆጠረችው። እምብርቱ ዙሪያ አምስት የበለዙ ነጥቦች አሉ። ሦስቱ ወደ ብጫነት ሄደዋል። ሁለቱ አረንጓዴ መስለዋል። የዛሬ የሚመስል አንድም የለም።

ቀጥሎ ያየችው የቆሻሻ ቅርጫቱን ነው። ቅርጫቱ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ወለሉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ጥሏል። ጋዜጣ አንጥፋ አንድ በአንድ ዘረገፈችው። ከላይ የሰኞ ጋዜጣ፣ ከሥሩ የእሁድ፣ ከዚያ የቅዳሜ። ከሁሉም ሥር፣ ከረቡዕ አቧራ ጋር፣ ያገለገሉ ሁለት መርፌዎች።

የማረፊያውን ባለቤት አስጠራቻቸው።

«ይሄ ቅርጫት ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተነሳ?»

«ከገቡ ጀምሮ ነዋ» አሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ሰውየው ነፍሱን ይማረውና፣ ክፍያውን ስነግረው ‹ቆሻሻው የኔ ነው፤ ከኔ ጋር ይቆይ› አለኝ። እኔ ደግሞ በነጻ አላነሳም። ሁለቱ ክፍሎቻቸው የጅብ ዋሻ መስለዋል። ጻፊልኝ እህቴ፣ ሽታውም በዋጋው ውስጥ አይካተትም።»

«ነርሷ ስትመጣ ያዩ ነበር?»

«ሐሙስና ዓርብ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ነኝ፤ አልመጣችም ብዬ አልምልም።»

«ሌላ የሰሙት ነገር?»

ሴትዮዋ ትንሽ አመነቱ። «ከእሁድ ጀምሮ ትንፋሹ በግድግዳው ይሰማ ነበር። እንደ መጋዝ።»

*

ሚስቲቱን ቁርስ ቤቱ ውስጥ አነጋገረቻት። ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ከባሏ በሃያ ዓመት ታንሳለች።

«ነርሷ በየቀኑ ትመጣ ነበር?»

«በየቀኑ። ዛሬም በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ምን ታፈጥጪብኛለሽ?»

«ባቱ ሲያብጥ አላየሽም?»

«ወፍራም ሰው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ባለሁለት ቀዳዳውን ቀበቶ አሰበች። «እሁድ ትንፋሽ አላጠረውም?»

«እሱ ሁሌ ያቃስታል። ሻይ ሲከፍልም ያቃስታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ድንገተኛ ክፍል ስንት ነው?› አለኝ። ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ለከርሞ ሁለተኛውን ጉልበቱን ሊያሠራ ወፍጮውን ሊሸጥ ነበር። የኔን ዕድሜና የወንድሙን እንጀራ ሸጦ ሊሮጥ። ወዴት እንደሚሮጥ እግዜር ይወቅ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ይሄን አትጻፊ።»

ወንድምየው ሚስቲቱ በተነሳችበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ሌላ ስቦ ተቀመጠ። እሷን በስሟም በዝምድናዋም አይጠራትም፤ «ሴትዮዋ» ነው የሚላት።

«ወፍጮው የማን ነው?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የአባታችን። በወረቀት የጋሼ። በጉልበት የኔ።»

«ሊሸጠው እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«ሴትዮዋ አፏ አያርፍም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ ብዙ ነገር ይላል። አሁን እሱ አይደለም ጉዳዩ። ነርሷ መርፌውን ሰርቃ ሸጣለች፤ ሆስፒታሉ ዋስትና ሰጥቷል፤ ባለሙያው ካጠፋ ካሳ ይከፍላል። አለቀ።»

«ቤተሰቡ ሕክምናውን ካቋረጠስ?»

«አይከፍልም። ግን አላቋረጥንም።»

«ሬሳውን እንዴት ልትወስዱት አሰባችሁ?»

«በካርጎ ነው። በኪሎ ሰባት ነው የሚያስከፍሉት፤ ሳጥኑም አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ሳጥኑ ከቀጭን ጣውላ ይሠራል።» ይህን ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ አለ፤ ስለ አንድ የሚወደው ነገር እንደሚያወራ ሰው። «ጋሼ ራሱ ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«ዋጋውን መቼ ጠየቅክ?»

«ቅድም። እናንተ ስትመጡ ደውዬ ነበር።»

«በኪሎ ሰባት አሉህ።»

«ሰባት።»

ኢንስፔክተሯ «ሰባት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ምንም አላሰመረችም።

ደላላው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቋንቋው የተተኮሰ ሰው ነው።

«እኔ ጋ ድብቅ ወጪ የለም፤ ሁሉም በጥቅሉ ውስጥ ነው» አለ። «ሰው ወደ ውጭ ሊታከም ሲሄድ የሚከስረው ሳይጠይቅ ነው።»

«መርፌው በጥቅሉ ውስጥ ነበር?»

«መርፌው ውጪ ነው። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ዐሥር ፍሬ ገዙ።»

«ነርሷስ?»

«ሆስፒታሉ የቤት ለቤት ነርስ በውድ ያከራያል። እኔ ከሥራ ሰዓት ውጪ የምትመጣ በርካሽ አገኘሁላቸው። እሷም ውጪ ናት።»

«ድንገተኛ ሕክምና?»

«ውጪ።»

«ታዲያ ውስጥ ምን ቀረ?»

«ቀዶ ጥገናው፣ ሦስት ሌሊት አልጋ፣ ከኤርፖርት መቀበል።»

«መሸኘትስ?»

«መሸኘት ለብቻው ይታሰባል» አለ ደላላው፣ በኩራት ማለት ይቻላል።

*

ነርሷ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። የሙያ ፈቃዷ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጓል። አዛዡ ለኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ሹክ ብሏት ነበር፦ «ባለጉዳዮቹ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ይሄዳሉ። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ሌላ ካላመጣሽ ክሱ በእሷ ላይ ይጻፋል።» ክሱ ከተጻፈ ፈቃዱ ይቀደዳል፤ ከፈቃዱ በኋላ የሚመጣው እስር ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው፣ አለች ኢንስፔክተሯ በልቧ።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ ልጄ?»

«ከተረኝነት ወጥቼ በዚያ ማረፊያ ደጃፍ አልፌ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር። ማንም አላየኝም። እዚያ ቤት ከዓርብ ወዲህ አልገባሁም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«ዓርብ ከወጋሁት በኋላ ‹ሐኪሙ መርፌው ይበቃል ብሏል፤ ከነገ ጀምሮ አትምጪ› አለኝ።»

«ማን ነግሮት?»

«አልጠየቅኩትም። የዓርቡን ሊከፍለኝ ስለነበር ላበሳጨው አልፈለግሁም።»

«ከፈለሽ?»

«ግማሹን።» እጇን ተመለከተች። «ግን ደስ ብሎት ነበር። ‹ስምንት መርፌ ተረፈልኝ› ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጥርሱ ጥቂት ነው።»

ኢንስፔክተሯ የቀዶ ጥገና ሐኪሙን ጠየቀችው። መርፌው ይቁም አላለም፤ እንዲያውም «ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» ብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግሯል። ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ስምንት ያልተከፈተ መርፌ ቅዳሜ ጠዋት በሟቹ ካርድ ተመልሷል።

«ማን መለሰው?»

«ሰው ይበዛል፤ መልኩን አላስታውስም» አለ ባለመድኃኒቱ። «ለተመላሽ ዕቃ በምንቀንሰው ዐሥር በመቶ ላይ ሩብ ሰዓት እንደተከራከረ ብቻ ነው የማስታውሰው።»

ይህ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም ከሌላው አይለይም።

ወደ ጣቢያ ተመልሳ ሁለት ስልክ ደወለች። አንዱ ለአየር መንገዱ፣ አንዱ ለካርጎው ቢሮ።

*

ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም በማረፊያው ቁርስ ቤት ተሰበሰቡ። ሚስቲቱ ጥቁር ለብሳለች፤ ወንድምየው ሻንጣውን እግሩ መሐል አቁሟል፤ ደላላው ስልኮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ነርሷ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። የማረፊያው ባለቤት ማንም ሳይጠራቸው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ምን ታደርግልናለች ይቺ?» አለች ሚስቲቱ ወደ ነርሷ እያየች። «ዐይኗን በጨው አጥባ።»

«ትቁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብዙ አንቆይም። ሦስታችሁም ነርሷ በየቀኑ መጥታለች ብላችኋል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፤ ስድስት መርፌ። እኔ ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት አገኘሁ።»

«ይዛቸው ትሄድ ነበር» አለ ወንድምየው።

«ሁለቱን ትታ አራቱን? ይሁን። ሆዱን ቆጠርኩ። ሆስፒታሉ ሦስት ቀን ወግቶታል፤ እሷ ሁለት። አምስት። እዚያም አምስት ነው ያለው። ሆድ ይዞ አይሄድም።»

የማረፊያው ባለቤት ሳል አሉ።

«ቅርጫቱ እንደ ሌላ ቤት በየቀኑ ቢነሳ ኖሮ ይሄን ነገር አላውቀውም ነበር» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ ለጽዳት አልከፍልም ስላለ ቆሻሻው ቆየልኝ። ስምንቱ መርፌ ደግሞ ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ተመልሷል። አንድ ሰው ለሟቹ ‹ሐኪሙ በቃ ብሏል› ብሎ ዋሸው። እሱም አመነ፤ ወጪ የሚቀንስ ወሬ ሰው ቶሎ ያምናል። እስከዚህ ድረስ ንፉግነት ነው እንበል።»

«እንበል» አለ ደላላው፣ በችኮላ።

«እሁድ ባቱ አበጠ፤ ትንፋሹ እንደ መጋዝ ሆነ። ሐኪሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ነግሯችኋል። እሁድ ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ ሰው ለአየር መንገዱ ደውሎ የሟቹን የመመለሻ መቀመጫ ሰረዘ።» አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሰውየው ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ለምን አልጠበቀም? ለበረራው አርባ ስምንት ሰዓት ከመቅረቱ በፊት የተሰረዘ መቀመጫ ግማሽ ዋጋው ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ምንም አይመለስም። ሌላ ገዳይ ቢሆን መቀመጫው ባዶውን ይብረር ብሎ ይተወው ነበር። ይሄ ቤተሰብ አይችልም። እስከ ቅዳሜ ንፉግነት ነው፤ ከእሁድ ወዲህ ግን ግድያ ነው።»

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ወደ ወንድምየው ዞረች። ወንድምየው ወደ ደላላው ዞረ። ደላላው የሚዞርበት ሰው አጣና ስልኩን አየ።

«የትኬቱን ቁጥር ሦስታችሁም ታውቁታላችሁ። ማን እንደደወለ አየር መንገዱ አያውቅም። እኔም ትናንት ጠዋት አላውቅም ነበር፤ አንተ እስክትነግረኝ ድረስ።»

«እኔ?» አለ ወንድምየው።

«ሬሳ በካርጎ በኪሎ ስንት ነው?»

«ነገርኩዎት እኮ። ሰባት።»

«መቼ ነው የጠየቅከው?»

«ማክሰኞ ጠዋት አልኩዎት።»

«የካርጎው ቢሮ ከሰኞ ጀምሮ ዘጠኝ አድርጎታል። ማክሰኞ የደወለ ሰው ሰባት አይባልም። ሰባት የተባለ ሰው ከሰኞ በፊት ደውሏል፤ ወንድሙ ግድግዳ እያየ ሲተነፍስ።»

ወንድምየው አፉን ከፈተ። ሁሉም ሰው፣ ኢንስፔክተሯም ብትሆን፣ ይክዳል ብሎ ጠብቆ ነበር። በእሱ ፊት ላይ ግን ከድንጋጤ ቀድሞ ሌላ ነገር መጣ።

«ዘጠኝ ገባ?» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ወንድምየው ላይ ሁለቱም ባንድ ቀን ደረሱበት። ፖሊሶቹ ነርሷን ለቀው ወደ እሱ ሲመጡ ሻንጣውን በእግሮቹ መሐል አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው።

«ሊሸጠው ነበር» አለ። «ሠላሳ ዓመት ዱቄት የዋጥኩበትን።»

ከወጣ በኋላ ሚስቲቱ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። «የገዛ ወንድሙን» አለች። «አንድ ጣሪያ ሥር አብረን ስንበላ። እኛ ምን አውቀን። እኔማ አብሬው አለቅስ ነበር።»

«በዚህ ሙያ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ» አለ ደላላው። «እንዲህ ያለ ጭካኔ አልጠረጠርኩም። ነርሷ በየቀኑ ትመጣለች ያልኩት እነሱ ብለውኝ ነው። ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔም ተታልዬ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ከረጢቱን አውጥታ ለነርሷ ፈቃዷን ሰጠቻት። ልጅቷ ከረጢቱን ቀደደችና ካርዱን ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ተንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ ሹፌር አንገቱን አስገባ።

«ለኤርፖርት የተጠራሁ ነኝ። ሁለቱ መንገደኞች ተዘጋጁ?»

ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ደጃፉ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሰው በጭንቅ የሚቀመጥባት።

«መንገደኞቹ ሦስት አልነበሩም?» አለችው።

«ነበሩ። ትልቁ መኪና ነበር የተያዘው፤ ዊልቸር የሚጭነው። እሁድ ማታ እኚህ ጥቁር የለበሱት እሜቴ ደውለው ‹ዊልቸሩ ይቅር፣ የምንሄደው ሁለት ነን፣ ትንሿን አምጣ› አሉኝ።» ወደ ደላላው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። «የዋጋውን ልዩነት ሰኞ ጠዋት ለጌታው በእጃቸው መልሻለሁ። ፈርመውልኛል።»

የማረፊያው ባለቤት ከተቀመጡበት ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ። ሚስቲቱ እጇን ከፊቷ አወረደች፤ ፊቷ ደረቅ ነበር። ደላላው አንዱን ስልኩን ገለበጠው።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማስታወሻዋን እንደገና ከፈተች።

«ከዚያስ?» አለች።

ሹፌሩ ጥያቄው ለእሱ መስሎት ኮፍያውን አሽከረከረ። «ከዚያማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ካስጠበቃችሁኝ የመቆሚያ ለብቻው ነው የሚታሰበው።»

ሚስቲቱና ደላላው እኩል ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።